ከአልጋው አጠገብ ወደ ካሜራው ጀርባ፦ ለአንዲት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ የተሰጠ ምላሽ

የተከበሩ ጠያቂ፣

በደብዳቤዎ እንደገለጹልኝ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በዲቪ ወደ ቨርጂኒያ መጥተው፣ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በአስታማሚነት እየሠሩ ተምረው የነርስነት ፈቃድዎን አግኝተዋል፤ ሁለት ዓመት በተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ከሠሩ በኋላም ላለፉት 14 ወራት በጽኑ ሕሙማን ክፍል በሌሊት ፈረቃ እያገለገሉ ይገኛሉ። በሽተኛ ማገላበጡ ወገብዎን እንደጎዳው፣ ሁለቱ ልጆችዎም እናታቸውን ተኝታ ብቻ የሚያዩዋት እንደመሰለዎት ጽፈውልኛል። በስክሪን ፊት ተቀምጦ ሩቅ ሆስፒታል ያሉ ጽኑ ሕሙማንን የሚከታተል ነርስ እንደሚፈለግ ሰምተው፣ አሁኑኑ ቢያመለክቱ እንደሚሻልና የእንግሊዝኛ አነጋገርዎ እንቅፋት ይሆን እንደሆነ ጠይቀውኛል።

መልሴን ላስቀድም፦ ሥራው ለእርስዎ ይሆናል፤ ማመልከቻውን ግን ሁለት ዓመት ያህል ያቆዩት። ምክንያቱ ብዙ የርቀት ክትትል ማዕከላት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሠራ ነርስ መጠየቃቸው ብቻ አይደለም። ከዚህ ቁጥር በስተጀርባ ያለውን ጉዳይ ቢረዱት፣ የሚጠብቁት ጊዜ የባከነ አይመስልዎትም።

በሽተኛውን የሚያድነው ካሜራው አይደለም። በጽኑ ሕሙማን ሕክምና የሠለጠነ ሐኪም በየሆስፒታሉ ሌሊቱን ሙሉ ማስቀመጥ ስላልተቻለ፣ የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች የነበሩ ሁለት ባለሙያዎች በ1990ዎቹ መጨረሻ ባልቲሞር ውስጥ ሕሙማንን ከሩቅ በካሜራና በኮምፒውተር መከታተል የሚያስችል ኩባንያ አቋቋሙ፤ በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ አሠራር መጀመሪያ ሥራ ላይ ያዋለው ደግሞ እርስዎ በሚኖሩበት ግዛት፣ ኖርፎክ የሚገኘው ሴንታራ የተባለው የሆስፒታሎች ድርጅት ነው። በ2015 መርሲ የተባለው ሌላ የሆስፒታሎች ድርጅት ሚዙሪ ውስጥ አንድም አልጋ የሌለበት የርቀት ሕክምና ሕንፃ እስከመክፈት ደርሷል። በእንዲህ ያለ ማዕከል አንድ ነርስ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑ በሽተኞችን፣ አንድ ሐኪም ደግሞ ከመቶ በላይ በሽተኞችን ይከታተላል። ኮምፒውተሩ የልብ ምቱን፣ የደም ግፊቱን፣ የላቦራቶሪ ውጤቱንና የመድኃኒቱን መጠን ሰብስቦ አካሄዱ የተበላሸውን ሰው ለይቶ ያሳያል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በሙሉ የሰው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእነዚህ ማዕከላት በአንዱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ድረስ ከአንዲት ነርስ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። የአንድ በሽተኛ የኦክስጅን መጠን 96፣ ከዚያ 95፣ ከዚያ 93 ሆነ፤ አተነፋፈሱም በደቂቃ ከ16 ወደ 28 ከፍ አለ። ማስጠንቀቂያው ገና አልጮኸም። ነርሷ አንድ ቁልፍ ስትጫን በበሽተኛው ክፍል ውስጥ የበር ደወል የሚመስል ድምፅ ተሰማ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የነበረው ካሜራም ወደ አልጋው ዞረ። (ደወሉ የሚደወለው ሳያንኳኩ ወደ ሰው ክፍል እንዳይገቡ ነው፤ ጥሩ ሥነ ሥርዓት ነው።) በሽተኛው አንድ እጁን ከማሰሪያው አላቆ የመተንፈሻ ቱቦውን ጨብጦታል። ነርሷ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ የክፍሉን ቁጥር ጠርታ «ቀኝ እጁ ቱቦው ላይ ነው» አለች፤ ከጎን ክፍል የነበረው ነርስ ሮጦ ደረሰ።

እኔን ይበልጥ ያስተማረኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የአንዲት በሽተኛ የደም ግፊት ወረደና ነርሷ ደወለች። አልጋው አጠገብ የነበረው ነርስ «አይቼዋለሁ» ብሎ በቁጣ መለሰላት። እርሷም «እንዳየኸው አውቃለሁ፤ እጅህ ስለተያዘ መድኃኒቱ ከፍ እንዲል ከሐኪሙ ትእዛዝ ላስጽፍልህ ወይ?» ስትል የሰውየው ድምፅ ወዲያው ተለወጠ። በዚያ ሰዓት እጁ በምን እንደተያዘ፣ ምን ቢደረግለት ሸክሙ እንደሚቀልለት ሳታየው ያወቀችው ለዓመታት እርሱ በቆመበት ቦታ ስለቆመች ነው። በ14 ወር ይህ አይገኝም ማለቴ አይደለም፤ ባልተረጋጋ በሽተኛ ላይ ብቻዎን ውሳኔ የሰጡባቸው ሌሊቶች ግን ገና ጥቂት ናቸው። ከሩቅ የሚመጣን ምክር ሰው የሚቀበለው መካሪው ያንን ሌሊት እንዳሳለፈ ሲሰማው ነው።

አነጋገርዎን በተመለከተ የሚያሳስብዎት ነገር ትክክለኛው ይመስለኛል፤ ምክንያቱን ግን ሌላ ቦታ ይፈልጉት። እኔ ያማከርኳቸው ኢትዮጵያውያን ነርሶች ችግራቸው የአነጋገር ዜማቸው ሳይሆን ይሉኝታው ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐኪም መቀስቀስን እንደ ድፍረት እንቆጥረዋለን፤ ስንደውልም ይቅርታውን አስረዝመን ቁጥሩን መጨረሻ ላይ እንናገራለን። በካሜራው ጀርባ ያለ ነርስ ግን ከድምፁ በቀር ሌላ መሣሪያ የለውም። ስለዚህ ከአሁኑ ፈረቃዎ ጀምሮ ለሐኪም በደወሉ ቁጥር በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የበሽተኛውን ክፍል፣ የተለወጠውን ነገርና የሚፈልጉትን ትእዛዝ ይናገሩ። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» በስልክ ስለሚምታቱ አሐዞቹን «ዋን፣ ፋይቭ» እያሉ ነጣጥለው ይጥሩ፤ የሰሙትንም መልሰው ያንብቡ። ይህን የለመደ ሰው አነጋገሩ የየትም አገር ቢሆን ይደመጣል።

ስለ ወገብዎ ግልጽ ልሁን፤ 12 ሰዓት መቀመጥም ወገብን ያሳምማል። ሕመሙ ሁለት ዓመት የማያስጠብቅ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይዩ፣ ለአለቃዎም በጽሑፍ ያሳውቁ፤ በዚህ ጊዜ ከበሽተኛ ማንሳት ነፃ የሆነ ሌላ የነርስ ሥራ መፈለግ ይሻላል፤ ስለዚያም ለብቻው ልንጻጻፍ እንችላለን።

ስለ ሌሊቱም እንዲሁ ነው። ማዕከላቱ ይበልጥ የሚፈለጉት ሐኪም በሌለበት ሰዓት ስለሆነ የቀን ፈረቃ ለአዲስ ሰው አይተርፍም። አትላንታ፣ ጆርጂያ ግዛት የሚገኘው ኤሞሪ የተባለው የዩኒቨርሲቲ የሕክምና ድርጅት ይህን ችግር ሲፈታ ከ2016 ጀምሮ ሐኪሞቹንና ነርሶቹን አውስትራሊያ ወስዶ፣ የጆርጂያን ሌሊት በአውስትራሊያ ቀን እንዲሠሩት አድርጓል። ልጆችዎን ይዘው ሲድኒ ይሂዱ አልልዎትም፤ ነገር ግን ሥራው ከሌሊት ያወጣኛል ብለው እንዳያመለክቱ ነው።

በመጠበቂያው ጊዜ ሁለት ነገሮችን ቢያሟሉ ይጠቅምዎታል። የመጀመሪያው ሲሲአርኤን የተባለው የጽኑ ሕሙማን ነርሶች የብቃት ማረጋገጫ ፈተና ነው። ለፈተናው ለመቀመጥ ባለፉት ሁለት ዓመታት ውስጥ 1,750 ሰዓት፣ ከዚያም ውስጥ 875ቱን በመጨረሻው ዓመት ከጽኑ ሕሙማን ጋር መሥራት ይጠይቃል፤ በሳምንት 36 ሰዓት እየሠሩ 14 ወር ስለሞላዎት ሰዓቱን ሳያሟሉ አይቀሩም፤ የፈረቃ መዝገብዎን ይቁጠሩ። ሁለተኛው ፈቃድዎ ነው። ሕጉ የሚመለከተው እርስዎ የተቀመጡበትን ሳይሆን በሽተኛው የተኛበትን ግዛት ነው። ቨርጂኒያ ከ40 በላይ ግዛቶች ካሉበት የነርሶች የጋራ ፈቃድ ስምምነት ውስጥ ስለሆነች ፈቃድዎ የጋራው ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ፤ እንደ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ያሉ በስምምነቱ ያልገቡ ግዛቶች ውስጥ ያለ ሆስፒታል ከሆነ ግን የዚያው ግዛት ፈቃድ ያስፈልግዎታል። ወጪውን ማን እንደሚከፍል ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ።

ቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ ከደመወዙ በፊት አንድ ጥያቄ እንዲጠይቁ አደራ እላለሁ፦ «የእናንተ ሐኪም ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣኑ እስከ ምን ድረስ ነው?» በስድስት ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ስለ ርቀት ክትትሉ ተደርጎ በ2009 የወጣ ጥናት በሞት ቁጥር ላይ ጉልህ ለውጥ አላገኘም፤ በዚያ ጥናት ለማዕከሉ ሙሉ የሕክምና ሥልጣን የተሰጠው ለ31 በመቶ ያህሉ በሽተኞች ብቻ ነበር። በ2011 የወጣው የማሳቹሴትስ ጥናት ደግሞ የሆስፒታል ሞት ከ13.6 ወደ 11.8 በመቶ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚቆይበት ጊዜም ከ6.4 ወደ 4.5 ቀን መውረዱን አሳይቷል፤ በዚያ ማዕከሉ የሕክምና መመሪያዎች መፈጸማቸውን ይከታተል፣ ለማስጠንቀቂያዎች ሰዎቹ ምን ያህል ፈጥነው እንደሚደርሱም ያይ ነበር። ጠያቂዎ «እኛ እናያለን፣ ካስፈለገ እንደውላለን» ብቻ ብሎ ከመለሰልዎ፣ ደመወዙ ቢያጓጓዎትም ያንን ቦታ አይቀበሉ፤ አልጋው አጠገብ ያለው ነርስ የሚጠላው ካሜራ እርስዎ ይሆናሉ። «አንድ ፈረቃ መጥተሽ አጠገባችን ተቀመጪ» ካሉዎት ግን ቀኑን ይያዙና ስላዩት ነገር ይጻፉልኝ።

ከአክብሮት ጋር