ሁለቱ ዘነበወርቆች

እህታችን፣ «የልጄን የታሪክ ሥራ ሳግዝ ዘነበወርቅ አንዱ ጋ ወይዘሮ፣ ሌላው ጋ ልዕልት ተብላ አገኘኋት፤ ትክክለኛው ማዕረጓ የቱ ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሁለቱም ትክክል ነው፤ ምክንያቱም ሰዎቹ ሁለት ናቸው። ሁለቱም በልጅነታቸው ነው የተቀጩት፤ የሁለቱም ደም ደግሞ ከእኛው ከወሎ ይመዘዛል።

የመጀመሪያዋ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ሚካኤል ናት። አባቷ ራስ ሚካኤል፣ እናቷ የአፄ ምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋ ናቸው፤ ለልጅ ኢያሱ የእናትም የአባትም እህቱ ናት። ገና ልጅ ሳለች ለጎጃሙ ራስ በዛብህ ተዳረች፤ ብዙም ሳትቆይ በወሊድ ሞተች። ደሴ ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼ የዘር ሐረግ ሲሠሩ እሷ ጋ ሲደርሱ «ልዕልት» ብለው ይጽፋሉ። «የንጉሥ ሚካኤል ልጅ አይደለችም እንዴ?» ይሉኛል። ናት፤ ግን አባቷ እዚሁ ደሴ ላይ ንጉሥ የተባሉት በ1906 ዓ.ም. ነው። እሷ ስትዳርም ስትሞትም ራስ ነበሩ። ደግሞስ በዚያ ዘመን የንጉሠ ነገሥቱ የራሳቸው ሴት ልጅ እንኳ እስኪነግሡ ድረስ ወይዘሮ ዘውዲቱ ነበሩ። ዛሬ ባለትዳርን ሁሉ ወይዘሮ ስለምንል ማዕረጉ ያነሰ እንዳይመስልሽ፤ ያኔ የትልቅ ቤት ልጅ መጠሪያ ነበር።

ሁለተኛዋ ልዕልት ዘነበወርቅ ኃይለ ሥላሴ ናት። የተወለደችው በሐምሌ 1909 ዓ.ም. ነው። እናቷ እቴጌ መነን የአምባሰል ተወላጅ፣ የወይዘሮ ስሂን ሚካኤል ልጅ ናቸው፤ በወይዘሮ ስሂን ስም የተሰየመውን ትምህርት ቤት ደሴ ላይ የማያውቅ የለም። እንግዲህ የመጀመሪያዋ ዘነበወርቅ ለሁለተኛዋ የአያቷ የአባት ልጅ እህት መሆኗ ነው። ይቺኛዋ ስትወለድ አባቷ ራስ ተፈሪ ነበሩ፤ የንጉሠ ነገሥት ልጅ የሆነችው በ1923 ዓ.ም. ሲነግሡ ነው። ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ ተድራ ትግራይ ሄደች፤ በመጋቢት 1925 ዓ.ም. መቀሌ ላይ አረፈች። 15 ዓመቷ ነበር! አዲስ አበባ ዘነበወርቅ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ለእሷ መታሰቢያ ከተሰየመው ሆስፒታል ነው። የታክሲ ረዳቱ «ዘነበወርቅ! ዘነበወርቅ!» ሲል በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

የባሏ አያት ራስ አርአያ ሥላሴ ዮሐንስም እዚያው መቀሌ ነው በወጣትነቱ ያለፈው፤ በሰኔ 1880 ዓ.ም. ፈንጣጣ ገደለው። ራስ ሲባል ብዙዎቻችን ሽበታም የጦር አዛዥ ይታየናል። እሱ ግን ማዕረጉንም፣ የ6 ዓመቷን ዘውዲቱን በጋብቻም ያገኘው ገና ልጅ ሳለ ነው። የሹመት ማዕረግ ስለሆነም ከሞቱ በኋላ ለማንም በውርስ አልተላለፈም። አባቱ አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቆስለው ሲያጣጥሩ አልጋ ወራሽ ያደረጉት ሌላውን ልጃቸውን መንገሻን ነው።

ለልጅሽ ሥራ የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ማዕረግ ከመጻፋችሁ በፊት የአባትን ስምና የሞተችበትን ዓመት አስቀድሙ። በሁለተኛዋ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ፤ አባቷም ባሏም ኃይለ ሥላሴ ስለሆኑ «ዘነበወርቅ ኃይለ ሥላሴ» ሲባል ባሏ የሚመስላቸው አሉ። የባሏን ስም ስትጽፉ «ጉግሳ» የሚለውን አትተዉት።