ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ልጅ ላላት እናት

እህቴ፣ የ5 ዓመት ልጅሽ ለኩላሊቱ ፕሬድኒሶሎን እንደጀመረ ጽፈሻል። እብጠቱ ጠፍቷል፣ ግን ፊቱ ክብ ሆኗል፣ ሁሌ ይርበዋል። ጎረቤቶችሽም «ስቴሮይድ ነው፣ አስቁሚው» ብለውሻል። እባክሽ በራስሽ ውሳኔ እንዳታስቆሚው። ከሁሉ በፊት የምለምንሽ ይህንን ነው።

የኔም ልጅ ያው ኔፍሮቲክ ሲንድረም ነበረባት። ጠዋት ስትነሳ ዓይኗ ያብጣል፣ ሽንቷ አረፋ ይሠራል። ኩላሊቷ ፕሮቲኑን ወደ ሽንት ያፈስ ነበር። ፕሬድኒሶሎን ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ሰውነታችን ራሱ ከሚሠራው ኮርቲዞል ከሚባል ሆርሞን ጋር ይመሳሰላል። የሰውነትን የመከላከል አቅም ረገብ አድርጎ ያንን መፍሰስ ያስቆማል። የአብዛኞቹ ልጆች ሽንት በ4 ሳምንት ውስጥ ከፕሮቲን ይጸዳል። መጠኑ ግን ከፍ ያለ ነው፤ በቀን እስከ 60 ሚሊግራም ሊደርስ ይችላል። ባለ 5 ሚሊግራሙን ኪኒን ከሰጡሽ ብዛቱ ያስደነግጣል። ግን በልጁ ኪሎና ቁመት ተሰልቶ የታዘዘ ነው። ብዙውን ጊዜ ለ4 ወይም ለ6 ሳምንት በየቀኑ ይወሰዳል፣ ከዚያ ተቀንሶ አንድ ቀን እየተዘለለ ይቀጥላል።

ድንገት ማቆም የሚያስፈራው ለዚህ ነው። ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች የራሳቸውን መሥራት ይተዋሉ። እንደገና እስኪጀምሩ ጊዜ ይፈልጋሉ። በመሃል ከተቋረጠ ልጁ ሊዝል፣ ሊያስመልሰው፣ ግፊቱና ስኳሩ ሊወርድ፣ ራሱን ሊስት ይችላል። ፀበል ብትወስጂውም ኪኒኑ አይቋረጥ። ለበዓል ክፍለ ሀገር ከሄዳችሁም የሚበቃውንና ትንሽ ትርፍ ያዢ።

ፊቱ ይመለሳል። መጠኑ ሲቀንስ የልጄም ጉንጭ ቀስ እያለ ጎደለ። ዘመድ ሁሉ ግን «ተስማማት፣ ወፈረች» ይለኝ ነበር። ቁጣና እንቅልፍ ማጣትም አለው። ስለዚህ ሐኪሙ ሌላ ካላለሽ ጠዋት ከቁርስ ጋር ስጪው፤ ለጨጓራውም ይሻላል። በጣም መራራ ስለሆነ እኔ በተፈጨ ሙዝ ነበር የምሰጣት። ረሃቡን መከልከል ከባድ ነው፣ ጨውና ጣፋጩን ግን መቀነስ ትችያለሽ። የሷን ወጥ ጨው ሳይገባበት ከድስቱ እቀንስ ነበር። ዳቦና ቺፕስ ውስጥ ያለውን ጨው ሰው ልብ አይለውም።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ኢንፌክሽን ነው። የመከላከል አቅሙ ስለሚቀንስ ቀላል የምንለው በሽታ ይከብደዋል። መድኃኒቱ ትኩሳትን ሊደብቅም ይችላል። ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ካየሽ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰጂው፣ አይደር። ኩፍኝ ወይም ጉድፍ ከያዘው ልጅ ጋር ከተጫወተ፣ ሽፍታ እስኪወጣ አትጠብቂ፤ ወዲያው ተናገሪ። እኔ ለአስተማሪዋ ነግሬያት ነበር፣ ክፍል ውስጥ ሽፍታ ያለበት ልጅ ሲመጣ ትደውልልኛለች። ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው ካለም ለሐኪሙ ንገሪው፣ የቲቢ ነገር ቀላል አይደለም። የክትባት ዘመቻ ቤት ለቤት ሲመጣ ደግሞ ስቴሮይድ እንደሚወስድ አስቀድመሽ አሳውቂ። የኩፍኝ ክትባትና በአፍ የሚንጠባጠበው የፖሊዮ ክትባት ከተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሚሠሩ፣ በከፍተኛ መጠን ላይ ላለ ልጅ መቆየት አለባቸው።

በክትትል ቀን ግፊቱን እንዲለኩት፣ ቁመቱን እንዲመዘግቡት ጠይቂ። ለረጅም ጊዜ ከወሰደ ዓይኑም ይታይ፤ የዓይን ሞራና ግላኮማ (የዓይን ውስጥ ግፊት ሲጨምር የሚመጣ በሽታ) ሊያመጣ ይችላል። አጥንትም ሊጎዳ፣ እድገትም ሊዘገይ ይችላል። አይቡፕሮፌን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ከፋርማሲ ገዝተሽ አትስጪው፣ ለኩላሊቱም ለጨጓራውም ጥሩ አይደለም። ኪኒኑ ካለቀ በኋላም ለወራት ያህል ቀዶ ሕክምና ወይም ከባድ ሕመም ከመጣ ስቴሮይድ ይወስድ እንደነበር ለሐኪሞቹ ተናገሪ።

ሕመሙ በብዙ ልጆች ላይ ይመላለሳል። አንዳንዴ ጉንፋን ብቻ ይቀሰቅሰዋል። ልጄም ተመልሶባት ያውቃል። የሽንት መመርመሪያ ወረቀቱን ከፋርማሲ ግዢና የጠዋት ሽንቱን እያየሽ በደብተር ጻፊ። ቢጫው ወደ አረንጓዴ ከተለወጠ ፕሮቲን አለ ማለት ነው። በተከታታይ 3 ቀን በብዛት ካሳየሽ፣ እብጠቱ እስኪመጣ ሳትጠብቂ ደብተሩን ይዘሽ ወደ ሐኪሙ ሂጂ።