ጨው አቁመሽም ግፊቱ ካልወረደ ሽሮውን ጠርጥሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። አባትሽ ግፊታቸው 160 በ100 ተገኘና መድኃኒት ተጀመረላቸው፤ ሀኪሙም «ጨው ይቀንሱ» ብሎ ሸኛቸው። ወጥ ላይ ጨው መጨመር ካቆምሽ ወር አልፎሻል። ግፊቱ ግን እምብዛም አልወረደም። እሳቸውም «ይሄ ምን ምግብ ነው?» እያሉ ሁሉም ነገር ላይ ሚጥሚጣ እየነሰነሱ ነው የሚበሉት። የኔም ቤት እንዲሁ ስለነበር ትንሽ ልዘርዝርልሽ። ሀኪም አይደለሁም። ግፊት ከተገኘብኝ ግን 9 ዓመት ሆኖኛል።

እኔም መጀመሪያ ያደረግኩት የጨው ዕቃውን ከወጥ ቤት ማውጣት ነበር። ጎረቤት ሲመጣ ሁሉ «እኛ ቤት ጨው የለም» እያልኩ እኩራራ ነበር። በሦስት ወሬ ክትትል ስሄድ ግፊቴ ያው ነው። ሀኪሟ አልተቆጣችኝም። ምን ምን እንደምበላ ብቻ ጠየቀችኝ። ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ አልፎ አልፎ ጥብስ አልኳት። «ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል?» አለችኝ። ዝም አልኩ።

ሽሮውን ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ። አተሩንና ሽምብራውን ቆልቼ፣ አስከክቼ፣ በርበሬውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ በሶብላውን፣ ኮረሪማውን፣ ከዚያ ደግሞ ጨውን ደባልቄ ወፍጮ ቤት የላክሁት እኔ። ጨው አልጨምርም ብዬ በኩራት ስሠራው የነበረው ወጥ ጨው የገባበት ከስምንት ወር በፊት ነው!

ከዚያ ወደ በርበሬው ዞርኩ። በኛ ቤት ለ5 ኪሎ በርበሬ ግማሽ ኪሎ ጨው ይገባ ነበር። የእናቴ ልክ ነው፤ እንዳይነቅዝ ትላለች። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ 10 ግራም ቢሆን ከውስጡ ወደ 1 ግራም የሚጠጋው ጨው ነው። አንድ ድስት ወጥ ላይ አምስትና ስድስት ማንኪያ እናደርጋለን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። ይህም አፉ የተስተካከለ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፤ ደግሞ በዳቦው፣ በሚቆረጠመው ቆሎ፣ በወጡ ያለው ሁሉ ተደምሮ። ስለዚህ አስቀድመሽ የቤታችሁን ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣና አዋዜ ማን እንዳዘጋጀውና ምን ያህል ጨው እንደገባበት ጠይቂ። ከሱቅ የተገዛ ከሆነ ጨው አለበት ብለሽ ገምቺ። ውጭ ሆናችሁ ከሀገር ቤት የምታስመጡም ለሚልክላችሁ ሰው አስቀድማችሁ «ጨው አይግባበት» በሉት። ከተፈጨ በኋላ ማውጫ የለውም።

የነበረኝን ሽሮ አልደፋሁትም። ደግሞ በዚህ ኑሮ ማን ይደፋል። ያለ ጨው ሌላ ሽሮ አስፈጨሁና አንድ እጅ አዲሱን ከሦስት እጅ አሮጌው እየቀላቀልኩ ጀመርኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እኩል በእኩል አደረግሁት። እያለ እያለ አሮጌው አለቀ። ይሄን ያደረግኩት ለቁጠባ ነበር፤ የጠቀመኝ ግን ለምላስ ነው። ምላስ ይለምዳል፤ ጥቂት ሳምንት ብቻ ታገሺው። አንቺ በአንድ ቀን ስላቆምሽባቸው ነው አባትሽ የተቆጡት። እውነታቸውን ነው፣ እኔም እቆጣ ነበር። አሁን ድግስ ቤት ስበላ ወጡ ሁሉ ጨው በዝቶበት ነው የማገኘው።

ጨው የሌለበት በርበሬ ይበላሻል የሚሉሽ ይኖራሉ። በደንብ ደርቆ ከተፈጨና ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ከተቀመጠ የኔ ምንም አልሆነም። ፍሪጅ ካለሽ ለወር የሚሆነውን አውጥተሽ ሌላውን እዚያ አስቀምጪው።

ጣዕሙን በተመለከተ ትልቁ ነገር ቁሌቱ ነው። ጨው ሲኖር ሰው ሽንኩርት ላይ ይቸኩላል፤ ያልበሰለውን ጨው ይሸፍንለታል። ሽንኩርቱን በዛ አድርገሽ በቀስታ እሳት፣ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግሽ፣ ጣፋጭነቱ እስኪወጣ አቁላይው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከድሮው እጥፍ ይሁን። ሲወርድ መከለሻ ጣል አድርጊበት። በፍስክ ቀን ኮሰረትና ኮረሪማ በደንብ የገባበት ቂቤ ትንሿ ራሷ ትበቃለች፤ ብዙ ቂቤ ደግሞ ለልብ አይመከርም። እኔን ያዳነኝ ግን ሎሚ ነው። አዚፋ ሥሪላቸው፦ ድፍን ምስር፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚና ስናፍጭ። ስናፍጩን ራስሽ አዘጋጂው፣ ጨው ሳይገባበት። አፍንጫ የሚሰነፍጥ ነገር ሲመጣ ሰው ጨው መኖር አለመኖሩን ይረሳል። ባለቤቴ አዚፋው ጨው እንደሌለው እስካሁን አያውቅም፤ እንዳትነግሩብኝ።

እንጀራው አያሳስብሽ። እኛ ቤት ሊጡ ላይ ጨው አይገባም፤ የእርሾው ኮምጣጣነት ራሱ ያግዛል። ዳቦና አምባሻ ግን ጨው አላቸው። ቁርስ ላይ ዳቦ የሚበሉ ከሆነ መጠኑን ተመልከቺ። የሾርባ ኩብ ደግሞ ጨው በጨው ነው፤ ከቤት አስወጪው። ቡና በጨው የሚጠጡ ሰው ከሆኑም ሲኒዋን ቁጠሪያት። የኔ እናት በቀን ሦስቱንም፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በጨው ነበር የምትጠጣው፤ እኛ ግን «እሷ እኮ ምግብ ላይ ጨው አታበዛም» እንላለን።

ጨውን ጨርሰሽ አታጥፊው። እኔ ለቀኑ የሚበቃኝን ጠዋት በትንሽ ሲኒ ለክቼ አስቀምጣለሁ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ። እሷ ካለቀች አለቀች። የምጨምረውም ወጡ ሊወርድ ሲል ነው። እየተንተከተከ ከገባው ይልቅ ኋላ የገባው ምላስ ላይ ጎልቶ ይሰማል። አዮዲኑም በእሳት ብዙ አይባክንም። ጨው ስትቀንሺ ያችው ጥቂቷ አዮዲን ያላት ትሁን፤ የእንቅርት ነገር ቀልድ አይደለም።

ውጭ ሲበሉ ደግሞ ትእዛዝ ላይ ብልሃት አለው። ሽሮና ፍርፍር «ያለ ጨው» ብለሽ ማዘዝ ትርፉ ድካም ነው፤ ሽሮው ተፈጭቶ፣ ቁሌቱ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቅሽ። ጥብስ ግን ትእዛዝ ሲመጣ ስለሚሠራ ጨው እንዳይገባ ማስቀረት ይቻላል። በጾም በያይነቱ ከሆነ ወደ ጎመኑ፣ ፎሶሊያውና ቀይ ሥሩ ያዘንብሉ። ልቅሶና ሰርግ ቤት እኔ አልከራከርም። ትንሽ እበላለሁ፣ እንጀራውን ከወጡ አበዛለሁ።

አሁን አንድ የሚያስፈራ ነገር ልንገርሽ። እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ሶዲየሙ፣ ማለትም ግፊት የሚጨምረው የጨው ክፍል፣ የተቀነሰ ጨው አመጣችልኝ። ደስታዬን አትጠይቂኝ! ደግነቱ ሳልጀምረው ለሀኪሟ አሳየኋት። ሶዲየሙ የተተካው ፖታሲየም በሚባል ሌላ ማዕድን ነው። እኔ የምወስደው የግፊት መድኃኒት ኢናላፕሪል ነው፤ እሱ ደግሞ ፖታሲየምን ሰውነት ውስጥ ያስቀራል። ሁለቱ ከተደራረቡ ወይም ኩላሊት ደከም ካለ ፖታሲየሙ በዝቶ የልብ ምትን ያዛባል። ስፓይሮኖላክቶን የሚባለውን መድኃኒት የሚወስዱም እንደዚያው። ለሌላ ሰው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለአባትሽ ግን መድኃኒታቸውን የሚያውቅ ሀኪም ሳይፈቅድ እንዳትገዢ። አባትሽ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እየገዙ የሚውጡ እንደሆነም ጠይቂያቸው። እነሱም ግፊት ይጨምራሉ። ውሃ ውስጥ እየፈላ የሚሟሟ ኪኒንም ብዙ ጊዜ ሶዲየም አለበት።

ግፊቱን ቤት የምትለኪ ከሆነ አምስት ደቂቃ ጸጥ ብለው ይቀመጡ፣ እግራቸውን አያነባብሩ፣ ክንዳቸው በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። ደረጃ ወጥተው፣ ከአንቺ ጋር ስለ ሽሮ ተጨቃጭቀው የተለካ ግፊት አይታመንም። ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፊና ለሀኪሙ አሳዪ። የኔ ግፊት ሽሮና በርበሬው ከተቀየረ በኋላ በሁለት ወር ውስጥ ከ150ዎቹ ወደ 130ዎቹ ወረደ፤ ግን መድኃኒቴን አንድም ቀን አላቋረጥኩም። «ወርዷል እኮ» ብለው ኪኒኑን ማቆም ቢያምራቸው አትስሚያቸው።

ወደ ሚጥሚጣቸው ልመለስ፤ የኔ ግምት ጨዋታው ሁሉ እዚያ ነው። ከወጡ ያወጣሽውን ጨው እሳቸው በሚጥሚጣ እየመለሱት ነው። አትከልክያቸው፣ ትጣያለሽ። ሩብ ኪሎ የሚጥሚጣ ቃሪያ ግዢና ከኮረሪማ ጋር ብቻ አስፈጪላቸው፤ ወፍጮ ቤቱ ለትንሽ ነገር እምቢ ካለሽ በሙቀጫ ትወቅጪዋለሽ። ከዚያ በድሮው ዕቃ፣ በድሮው ቦታ አስቀምጪው። ስትወቅጪ ዓይንሽን እንዳትነኪ።