ሂልስቦሮ፦ ፖሊስ ዋሸ፣ ጋዜጣ አስተጋባ፣ ፖለቲከኛ ዝም አለ (ጥያቄና መልስ)

የሊቨርፑል ማሊያ አንገቱ ጀርባ ላይ 97 የሚል ቁጥር አለው፤ በሂልስቦሮ ስታዲየም አደጋ የሞቱት ደጋፊዎች ቁጥር ነው። ሰሞኑን ስለ እሱ ትንሽ ብናገር ጥያቄው ዘነበብኝ። እስኪ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ ሰዓቱን ግን በኛ አድርጌዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የአርሴናል ደጋፊ ነኝ፤ ታሪኩን ከሥሩ አላውቀውም። ምንድነው የሆነው?

ኤፕሪል 15 ቀን 1989 ነው። የኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ፣ ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት፣ ሼፊልድ ከተማ ሂልስቦሮ ስታዲየም። ቆመው ለሚያዩ 10,100 የሊቨርፑል ደጋፊዎች የተሰጣቸው ሰባት ጠባብ መግቢያ ብቻ ነበር። ውጭ ያለው ሰው እየተጨናነቀ ሲሄድ ፖሊስ 8 ሰዓት ከ52 ላይ “በር ሲ” የሚባለውን ሰፊ በር አስከፈተ። እስከዚህ ድረስ ምክንያት አለው እንበል። ግን ከበሩ ፊት ለፊት ወደ መሀለኛዎቹ ክፍሎች የሚያስገባውን ዋሻ መሰል መተላለፊያ ማንም አልዘጋውም። ሰዉ ቀጥ ብሎ ወደዚያው ገባ። ክፍሎቹ ቀድመው ሞልተዋል፤ ከፊታቸው የብረት አጥር ነው። ግራና ቀኝ ያሉት ክፍሎች ገና ቦታ ነበራቸው።

ጨዋታው በ6ኛው ደቂቃ ቆመ። የሞቱት 97 ናቸው። የመጨረሻው ሰው ያረፈው በዚያ ቀን በደረሰበት ጉዳት ሲማቅቅ ኖሮ በ2021 ነው። ትንሹ ሟች የ10 ዓመት ልጅ ነበር፣ የስቲቨን ጄራርድ ዘመድ።

ጥያቄ፦ በሩን ፖሊስ ራሱ ካስከፈተ እንዴት ብሎ ደጋፊው ላይ ተላከከ?

ገና ሬሳው ሳይነሳ ነው የተጀመረው። የዕለቱ አዛዥ ዴቪድ ደከንፊልድ ለእግር ኳስ ማኅበሩ ኃላፊ “ደጋፊዎች በሩን ሰብረው ገቡ” አለ። በሩ እንዲከፈት ያዘዘው እሱ ነው። ወሬው በዚያው ከሰዓት በኋላ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ዓለምን አዳረሰ። ውሸት መሆኑን በግልጽ ችሎት ፊት ቆሞ ያመነው በ2015 ነው። 26 ዓመት!

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ደግሞ የቢሮ ሥራ ነው፤ እኔን የሚያስገርመኝም እሱ ነው። የሟቾች ሁሉ ደም ለአልኮል ተመረመረ፣ የሕፃናቱም ጭምር። ፖሊሶቹ ያዩትን በመደበኛው የኪስ ደብተራቸው እንዳይጽፉ፣ በነጭ ወረቀት ብቻ እንዲያደርጉት ተነገራቸው። ለምን መሰላችሁ? ደብተር ገጹ የተቆጠረ ነው፤ ወረቀት ግን ይቀየራል። ወረቀቶቹ ወደ ላይ ሄዱ፣ ተነበቡ፣ ታረሙ። በኋላ ሰነዱ ሲፈተሽ 164 የምስክርነት ቃል በጉልህ ተቀይሮ ተገኘ። ከነዚህ በ116ቱ ላይ ፖሊስን የሚነካ አስተያየት ወጥቷል ወይም ተለውጧል። ማለትም እዚያ ቆመው ያዩ ተራ ፖሊሶች፣ አመራር እንዳልነበረ ብለው የጻፉት ነው የተሰረዘው። እነሱ እውነቱን ጽፈው ነበር እኮ።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን ይፈጠራል? ልምድ ሳይኖራቸው ይቀራል?

ጥሩ ጠየቅክ። ልምድማ ነበራቸው። ይኸው የሼፊልድ አካባቢ ፖሊስ፣ የደቡብ ዮርክሸር ፖሊስ የሚባለው፣ በ1984 ኦርግሪቭ ላይ አድማ ከመቱ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ጋር ተጋጭቶ ነበር። 95 ሠራተኞች ተከሰሱ። ፍርድ ቤት ሲቀርብ የብዙ ፖሊሶች ቃል አንድ ሰው ያናገራቸው ይመስል አረፍተ ነገሩ ሳይቀር አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ክሱ ፈረሰ። በ1991 ፖሊስ ጥፋቱን ሳያምን ለ39 ሠራተኞች 425,000 ፓውንድ ከፈለ። የተቀጣ ፖሊስ ግን የለም። እንግዲህ ከኦርግሪቭ አምስት ዓመት በኋላ ሂልስቦሮ ሲመጣ፣ ያው መሥሪያ ቤት ምን ተምሮ እንደመጣ አስቡት።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ሊቨርፑል ዘመድ ጋ ሄጄ “ሰን” ጋዜጣ ብል ሰዎቹ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው?

እንኳን በዓይን አለፉህ! አዎ፣ ከዚህ ጋር ነው። አደጋው በደረሰ በአራተኛው ቀን ሰን ፊት ገጹ ላይ በትልቁ “እውነቱ” ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ሦስት ነገር አለ፦ ደጋፊዎች የሟች ኪስ በረበሩ፣ ፖሊስ ላይ ሸኑ፣ ትንፋሽ ሲሰጥ የነበረ ፖሊስ ደበደቡ።

ከየት አመጣው? ሼፊልድ ያለ አንድ አነስተኛ የዜና ወኪል ነው የላከው። ወኪሉ የሰማው ከፖሊሶችና ከአካባቢው የፓርላማ አባል ከአይርቪን ፓትኒክ ነው። ፓትኒክስ ከማን ሰማ? ከፖሊሶች። ዞሮ ዞሮ ምንጩ አንድ ነው። በሦስት አፍ ስላለፈ ግን ሦስት ምስክር መሰለ። ወሬውን ሌሎችም ጋዜጦች ይዘውት ወጥተዋል። ልዩነቱ ሰን “ፖሊስ እንዲህ አለ” ማለቱን ትቶ እንደ ተጣራ እውነት ማተሙ ነው። አርዕስቱን የመረጠው ዋና አዘጋጁ ኬልቪን ማኬንዚ ሲሆን የማያሻማ ይቅርታ የጠየቀው በ2012 ነው። በሊቨርፑል ብዙ ሱቅ ዛሬም ጋዜጣውን አይሸጥም። ክለቡም በ2017 ጋዜጠኞቹን ከግቢው አግዷል። ከሁሉ የከበደውን ቅጣት የጣለው አንባቢው ነው ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ የሊቨርፑል ደጋፊ ስለሆንክ አታጋንንም?

የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነኝ። የኛ ሰዎች ስለዚህ ሞት እየዘፈኑ ሲያፌዙ እሸማቀቃለሁ። ቀጥሎ።

ጥያቄ፦ እውነቱ መቼ ታወቀ?

በአራት ወር! ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ዳኛው ሎርድ ቴይለር ኦገስት 1989 ባወጡት ሪፖርት ዋናው ምክንያት የፖሊስ ቁጥጥር መክሸፉ ነው ብለዋል። ጽሑፉ መንግሥት እጅ ላይ ነበር። ያም ሆኖ በ1991 የአሟሟት ምርመራው “ድንገተኛ አደጋ” ብሎ ደመደመ። መርማሪው ከ9 ሰዓት ከሩብ በኋላ የሆነውን አልሰማም ብሎ ነበር፤ ያኔ ሁሉም ሊድኑ በማይችሉበት ሁኔታ ላይ ነበሩ ተባለ። በኋላ፣ በ2012፣ አንድ ገለልተኛ ቡድን ሰነዱን ሲያየው 41ዱ ሊተርፉ ይችሉ እንደነበር ታወቀ።

በ2009 በ20ኛው ዓመት ሚኒስትሩ አንዲ በርንሃም በሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ላይ ንግግር ሲያደርግ ሕዝቡ “ፍትሕ ለ96ቱ” እያለ አቋረጠው (ያኔ 96 ነበሩ)። ሰውየው አልተቆጣም፣ ሄዶ ጉዳዩን ካቢኔ ውስጥ አነሳው። ከዚያ በጳጳስ ጄምስ ጆንስ የሚመራው ያ ገለልተኛ ቡድን 450,000 ገጽ ያህል ሰነድ አገላብጦ በ2012 ሪፖርቱን አወጣ። ጠቅላይ ሚኒስትር ካሜሮን በዚያው ቀን ፓርላማ ላይ ይቅርታ ጠየቁ። አዲሱ ችሎት ከሁለት ዓመት በላይ ፈጅቶ በ2016 “በሕገ ወጥ መንገድ ተገድለዋል፣ ደጋፊዎች ጥፋት የለባቸውም” አለ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማን ታሰረ?

ማንም። ደከንፊልድ በ2019 ነፃ ተባለ። የስታዲየሙ ባለቤት ክለብ የዚያን ጊዜ ጸሐፊ በደህንነት ጉድለት 6,500 ፓውንድ ተቀጣ። ቃል ቀይረዋል የተባሉት ሦስት ሰዎች ክስ በ2021 ወደቀ። ዳኛው ያሉት ምን መሰላችሁ፦ የተቀየረው ወረቀት የቀረበው ለሎርድ ቴይለር ማጣሪያ ነው፤ ማጣሪያው ደግሞ በሕግ ዓይን ፍርድ ቤት አይደለም፤ ስለዚህ ፍትሕ አዛብተዋል ሊባሉ አይችሉም። ይህን ሳነብ መሳቅ ነው የመጣብኝ፣ የንዴት ሳቅ።

ጥያቄ፦ እኔ ፖሊስ ነኝ። ሁሉን አንድ አዛዥ ላይ መጫን ልክ ነው?

አይደለም፣ ትክክል ነህ ወንድሜ። ደከንፊልድ ወደዚያ ቦታ ከተሾመ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። ማነው የሾመው? የስታዲየሙ የደህንነት ምስክር ወረቀት ጊዜው ያለፈበት ነው። በ1981 እዚያው ቦታ፣ ያውም በግማሽ ፍጻሜ፣ ተመሳሳይ መጨናነቅ ደርሶ 38 ሰው ተጎድቷል። ማኅበሩ ግን ጨዋታውን መልሶ እዚያ ወሰደው። የ2016ቱ ጁሪም ክለቡንና አምቡላንሱን ሳይቀር ነክቷል። ሰውየው ደንግጦ ቢሳሳት ይገባኛል። መዋሸቱ ግን የሱ የራሱ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ አገርስ እንዲህ ያለ አጣሪ አልነበረም?

ነበር እንጂ። ከምርጫ 97 (ይህ እንኳ በኛ አቆጣጠር ነው) በኋላ የተገደሉትን እንዲያጣራ በፓርላማ የተቋቋመ ኮሚሽን ነበር። 193 ሲቪል መሞታቸውን መዝግቧል። ለፓርላማ የቀረበው መደምደሚያ የመንግሥት ኃይል ከልኩ አላለፈም የሚል ነው። ሰብሳቢውና ምክትሉ ግን አገር ጥለው ወጡና አባላቱ መጀመሪያ 8 ለ 2 ድምፅ የሰጡት ኃይሉ ከመጠን በላይ ነበር ብለው እንደሆነ ተናገሩ። ልዩነቱን አያችሁ? እንግሊዝ አጣሪው ቤቱ ያድራል። ሪፖርቱ ግን መደርደሪያ ላይ 23 ዓመት ሊተኛ ይችላል።

ጥያቄ፦ “የሂልስቦሮ ሕግ” የሚሉት ምንድነው?

መንግሥት በሴፕቴምበር 2025 ለፓርላማ ያቀረበው ረቂቅ ነው። ፖሊስም ሆነ ሌላ ባለሥልጣን ለምርመራ እውነቱን ሳይጠየቅ እንዲያወጣ ያስገድዳል፤ ሆን ብሎ ሕዝብን ማሳሳትን ወንጀል ያደርጋል። የቤተሰቦቹን ልብ የነካው ግን ሌላው አንቀጽ ይመስለኛል። በመጀመሪያው ምርመራ የፖሊስ ጠበቆች በሕዝብ ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር። ልጅ የቀበሩት ወላጆች ደግሞ ከኪሳቸው አዋጥተው በጋራ አንድ ጠበቃ ቀጠሩ። በረቂቁ መሠረት መንግሥት ለራሱ ወገን ጠበቃ ካቆመ ለሟች ቤተሰብም ይከፍላል።

ለዛሬ ይብቃኝ፣ እራት ቀርቧል። የቀረውን ጻፉልኝ፣ ነገ እመለስበታለሁ።