ጨው የገባበት ቮልስ፦ ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት

ጥያቄው የደረሰኝ ከፍሎሪዳ፣ ከሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ነው። ጠያቂዋ የ1967 ሞዴል ቮልስዋገን ቢትል አለቻቸው፤ እኛ ቮልስ የምንላት፣ አባታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ይነዱት የነበረው ዓይነት። የደመራ ዕለት ማታ፣ መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለትም በአሜሪካ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 26 ቀን 2024፣ ሄለን የተባለችው አውሎ ነፋስ ባሕሩን ገፍታ ከተማው ውስጥ አስገባችው። ውሃው ጋራዣቸው ገብቶ እስከ መኪናዋ ወንበር ደረሰ፤ የወረደው ሊነጋጋ ሲል ነው። እንዲህ ይላሉ፦ «ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። ልጄ በፀሐይ ስለደረቀች ባትሪ ቀይረን እናስነሳት ይላል። የኢንሹራንሱ ሰው ደግሞ ዋጋዋን ከፍለን እንውሰዳት ይላል። የማንን ልስማ?»

እህቴ፣ ለጊዜው የሁለቱንም አይስሙ። ቁልፏን ከልጅዎ ተቀብለው ያስቀምጡ፤ ኢንሹራንሱ ላይም ገና አይፈርሙ። ዛሬ የሚያስፈልግዎት የአትክልት ማጠጫ ጎማ ነው።

ይህ ግራ እንደሚያጋባ አውቃለሁ። ውሃ ያበላሻትን መኪና እንደገና በውሃ? አዎን። ጠላትዎ ውሃው ሳይሆን ጨው ነውና። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር እስከ 35 ግራም የሚደርስ ጨው ይይዛል። ውሃው ሲደርቅ ጨው አይሄድም፤ በየላሜራው ስፌትና በየሽቦው ውስጥ ይቀመጣል። ተራው የገበታ ጨው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ከአየር ውሃ ስቦ ራሱን ያረጥባል። በባሕር ውሃ ውስጥ ያለው ማግኒዥየም ክሎራይድ ደግሞ ከዚያ በጣም ባነሰ እርጥበት፣ 33 በመቶ አካባቢ ላይ ይህንኑ ያደርጋል። እርስዎ ባሉበት የባሕር ዳርቻ አየሩ ከዚያ በታች የሚወርደው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ልጅዎ «ደርቃለች» ያላት መኪና አልደረቀችም። ዛሬ ሌሊትም ጨዉ ይረጥባል፣ ዝገቱም ሥራውን ይቀጥላል።

ከሁሉ በፊት ፎቶ ያንሱ። ውሃው በበሩ፣ በወንበሩና በሞተሩ ክፍል ላይ የተወውን መስመር በደንብ አንሱት፤ በኋላ ለኢንሹራንሱ ያስፈልጋል። ከዚያ የኋላውን ወንበር አንስተው በቀኝ በኩል ያለውን ባትሪ፣ የኔጌቲቩን ገመድ አስቀድመው በመፍታት ያውጡት። ጓንት ያድርጉ፤ ወደ ቤት የገባው የባሕር ውሃ የፍሳሽ ቆሻሻና ነዳጅ ሳይቀላቀልበት አይቀርም። በዚያው ጋራዥ ውስጥ ጨው ውሃ የነካው የኤሌክትሪክ መኪና ካለ ግን እርስዎ አይጠጉት፤ ባትሪው ከቀናት በኋላም በእሳት ሊያያዝ ስለሚችል ባለሙያ ከቤቱ አርቆ ያውጣው።

ወንበሮቹን፣ ምንጣፉን፣ ከምንጣፉ በታች ያለውን ድምፅ መከላከያ ሁሉ ያውጡ። የወንበሩ ሙሌት አይድንም፤ ይጣል። የወንበሩ ብረት ግን ይታጠብና ይቀመጥ። ከዚያ የማጠጫውን ጎማ ይክፈቱ፤ በዝግታ፣ ለረጅም ሰዓት። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ማጠቢያ አይጠቀሙ፤ ጨዉን ወደ ስፌቱና ወደ ኩሽኔታው ይበልጥ ይገፋዋል። በቮልስ ላይ ጨው የሚደበቅባቸው ሁለት ዋና ቦታዎች አሉ። አንደኛው ከበሮቹ ሥር የሚሄደው፣ ከሞተሩ የሚመጣው ሙቀት የሚያልፍበት ባዶ ሣጥን ነው። ሁለተኛው በመኪናዋ መሐል ከፊት እስከ ኋላ የሚዘረጋው፣ የማርሽ ዘንጉ፣ የፍሪሲዮኑና የቤንዚን መስጫው ገመድ እንዲሁም የቤንዚን ቱቦው የሚያልፉበት ዋሻ ነው። ዋሻው ከኋላ ወንበር ሥርና ከፊት በትንሽ ክዳን ይከፈታል። የመኪናዋን አፍንጫ በክሪክ ከፍ አድርገው፣ ድጋፍ አስገብተው፣ ከፊት ውሃ እያስገቡ ከኋላ እንዲወጣ ያድርጉ።

መቼ እንደሚበቃ በዓይን መለየት አይቻልም። ለዓሣ ማርቢያ ወይም ለመጠጥ ውሃ ማጣሪያ የሚሸጥ፣ በውሃ ውስጥ የሟሟ ነገር የሚለካ የብዕር መጠን ያለው መሣሪያ ይግዙ፤ ርካሽ ነው። መጀመሪያ የቧንቧውን ውሃ ይለኩና ቁጥሩን ይጻፉ። ከዚያ ከበሩ ሥር የሚንጠባጠበውን ውሃ በንጹሕ ስኒ ተቀብለው ይለኩ። መጀመሪያ ቁጥሩ እጅግ ከፍ ይላል፣ ምናልባትም ከመሣሪያው አቅም በላይ ይሆናል። ሁለቱ ቁጥሮች እስኪቀራረቡ ድረስ ማጠቡን አያቁሙ። ከዚያ ሌሊቱን አሳድረው በማግሥቱ እንደገና ያጥቡና ይለኩ፤ በስፌት ውስጥ የነበረው ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ቁጥሩ እንደገና መውጣቱ አይቀርም። ፀረ ዝገት ሰምና ዘይት መርጨት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጨው ሳይወጣ ሰም የቀባ ሰው ዝገቱን ከውስጥ ቆልፎበታል፤ ባይቀባ ይሻለው ነበር።

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ፤ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈራኝ እርሱ ነው። የቮልስ ሞተር ቀፎ ብረትም አሉሚኒየምም አይደለም። በአብዛኛው ማግኒዥየም ነው፤ የካምቢዮው ቀፎም እንዲሁ። ዶክተር ፖርሽ መኪናዋን ሲነድፉ ከኋላ የሚንጠለጠለው ክብደት እንዲቀንስ ፈልገው ነበርና ለዚያ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ለባሕር ውሃ ግን ከዚህ የባሰ ብረታ ብረት ማግኘት ያስቸግራል። ቤትዎ ያለው የሙቅ ውሃ ማሞቂያ ውስጥ የማግኒዥየም ዘንግ ሳይኖር አይቀርም። እዚያ የተቀመጠው በርሜሉን ተክቶ እንዲበላ ነው። ማግኒዥየምና ብረት ተነካክተው ጨው ውሃ ውስጥ ሲገቡ ማግኒዥየሙ ለብረቱ ይሠዋል። በእርስዎ ሞተር ውስጥ ደግሞ ሲሊንደሮቹን የሚይዙት ረጃጅም የብረት ቡሎኖች ቀጥታ ማግኒዥየሙ ላይ የተተከሉ ናቸው። በ2022 ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ ፎርት ማየርስን ከመታ በኋላ እንዲህ ያሉ ሞተሮች ሲከፈቱ አይቻለሁ። በቡሎኑ ሥር ዙሪያውን ነጭ ዱቄት ይቆለላል፣ ዱቄቱን በሽቦ ብሩሽ ሲጠርጉት ከሥሩ የተቦረቦረ ጉድጓድ ይወጣል።

ልጅዎ ሞተሪኖውን ቢያዞረው ሌላም አደጋ አለ። የማርሚታው ሁለት ቱቦዎች ከመሬት ብዙም ከፍ አይሉም፤ ወንበር የደረሰ ውሃ በእነርሱ ገብቶ፣ ተከፍቶ በቆመው ቫልቭ በኩል ሲሊንደር ውስጥ መግባት ይችላል። ውሃ አይታመቅም። ፒስተኑ ውሃው ላይ ሲመጣ የሚጣመመው ፒስተኑን የያዘው ዘንግ ነው።

ስለዚህ አራቱንም ካንዴላዎች ያውጡ። ከሥር ያለውን የዘይት ማጣሪያ ክዳን፣ ስድስት ትንንሽ ዳዶ ያለውን፣ ይፍቱ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ መጀመሪያ የሚወርደው እርሱ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ዘይት የማኪያቶ መልክ ካለው ተደባልቋል ማለት ነው። ቀፎውን በንጹሕ ውሃ ያጥቡትና ወዲያው በናፍጣ አስከትለው ውሃውን ያስወጡ። ክዳኑን መልሰው ንጹሕ ዘይት ይሙሉ። መደበኛው ልክ 2.5 ሊትር ነው፤ ሞተሩ ስለማይነሳ ከዚያ አብልጠው ቢሞሉት ጥሩ ነው። በየሲሊንደሩም በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ያፍስሱ። ከዚያ በዲናሞው ጫፍ ያለውን ዳዶ በ21 ቁልፍ ይዘው ሞተሩን በእጅ በዝግታ ያዙሩት። ከያዘ አያስገድዱት፤ ዘይት ጨምረው ይጠብቁ።

ይህ ሁሉ ግን ጊዜ መግዣ ነው። ውሃው በወረደ ማግሥት ቢሆን ኖሮ ዘይቱን ደጋግሞ በመቀየር ይበቃል እል ነበር። አራት ቀን ካለፈ በኋላ ግን ምክሬ ሞተሩ ወርዶ ይከፈት ነው። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ስለሆነ አቅም ያለው መካኒክ በአንድ ጠዋት ያወርደዋል። ፍሪሲዮኑም ዝጎ ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል እግረ መንገዱን ይታያል። ኩሽኔታዎቹ የሚቀመጡባቸው የቀፎው መቀመጫዎችና ሁለቱ ግማሾች የሚገጥሙበት ፊት ንጹሕ ከሆኑ ሞተሩ ድኗል። ከተቦረቦሩ ግን ቀፎው አልቋል፤ በብየዳ የሚያድንልዎት ሰው ቢመጣ አይመኑት። ለዚህች መኪና አዲስ ቀፎ ዛሬም ይገኛል፣ የአሉሚኒየምም አለ። ሌላ ብርቅ መኪና ቢሆን ኖሮ ይህን ማለት አልችልም ነበር።

የቀረው ብዙም አያከራክርም። የካምቢዮው ዘይት ይፍሰስ፣ በቀጭን ዘይት ይታጠብ፣ ለካምቢዮ በተሠራ አዲስ ዘይት ይሞላ። የፍሬን ሸራ፣ ሲሊንደርና ቱቦ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባልና የገባው ጨው ከውስጥ ይበላል። በዚህ ላይ ቁጠባ አይታሰብ። የጎማ ኩሽኔታዎች ይውጡና ይታጠቡ፤ ነጥብ ያለበት ይጣል። በፊት እግሯ ቱቦዎች ላይ ባሉት የግራሶ መስጫዎች አዲስ ግራሶ፣ አሮጌው ወጥቶ እስኪያልቅ ይገፋ። ጎትተው የሚወስዷት ከሆነ በጭነት መኪና ላይ ተጭና ትሂድ፤ በራሷ ጎማ አትንከባለል። የኤሌክትሪክ መስመሩን በተመለከተ፣ ጨው ውሃ በሽቦው ክሮች መካከል ወደ ላይ እየተሳበ መዳቡን ከፕላስቲኩ ሥር አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ውጪው ንጹሕ መስሎ ከዓመት በኋላ መብራት ይጠፋል ወይም ሽቦው ይግላል። ለቢትል ሙሉ የሽቦ ቅንብር ተሠርቶ ይሸጣል። ይቀየር።

ኢንሹራንሱ የሚሰጥዎት ገንዘብ የሚወሰነው በውሉ ነው። የጎርፍ ጉዳት የሚሸፈነው ከግጭት ውጪ ያለውን ጉዳት በሚያካትተው የመኪና ኢንሹራንስ እንጂ በቤት የጎርፍ ኢንሹራንስ አይደለም። የቆዩ መኪናዎች ውል ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የተስማሙበት ዋጋ አለው፤ የእርስዎ እንዲህ ከሆነ ሰውየው ዛሬ በገመተው ዋጋ አይደራደሩ። መኪናዋን እርስዎ እያስቀሩ የቀሪ ዋጋዋ ተቀንሶ ቢከፈልዎት ስንት እንደሚሆንም በጽሑፍ ይጠይቁ። ነገር ግን የባለቤትነት ወረቀቷ ላይ የጎርፍ ጉዳት ሊመዘገብ እንደሚችል፣ መንገድ ላይ ከመውጣቷ በፊትም የግዛቱ ምርመራ ሊያስፈልጋት እንደሚችል ይወቁ። ሊሸጧት ለሚያስቡ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ የአባትዎን ዓይነት መኪና ሊያኖሯት ለሚፈልጉት ለእርስዎ ግን ያን ያህል አይመስለኝም።

የእኔ ፍርድ ይኸው፦ ከጎርፉ በፊት ወለሏና ከበሩ ሥር ያሉት ሣጥኖች ጤናማ ከነበሩ ያድኗት። የቮልስ አካል ከወለሉ ጋር የተያያዘው በቡሎን ስለሆነ ተነስቶ፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ስፌት ታጥቦ፣ እንደገና መቀመጥ ይችላል። ቀድሞውንም በላሜራ ቁራጭ ተጥፈው የተበየዱ ከነበሩ ግን ገንዘቡን ተቀብለው ጤናማ ቢትል ይፈልጉ፤ የምትገኝ መኪና ናት።

ደግሞም የአውሎ ነፋሱ ወቅት እስከ ኖቬምበር 30 ይዘልቃል። ሞተሯ ቢወርድም ባይወርድም፣ በዚህ ሳምንት ከዚያ ጋራዥ ወጥታ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወዳለ ሥፍራ ወይም ወደ ባለ ፎቅ መኪና ማቆሚያ ላይኛው ወለል ትወሰድ።