የቮልስ የፊት መስታወት ውኃ ሲያስገባ

ጥያቄ፦ የ1969 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ቮልስዋገን አለኝ። ሐምሌ ከገባ ወዲህ ከጋቢናው ቀኝ በኩል፣ ሞኬቱ ሥር ውኃ ይቋጥራል። አንድ ጋራዥ የፊት መስታወቱን ጎማ ዙሪያውን በሲሊኮን ለቀለቀልኝ፤ በሁለት ሳምንቱ መልሶ ማፍሰስ ጀመረ። አሁን አንዱ ባለሙያ «መስታወቱ ይውለቅ» ሲለኝ ሌላው «ሲሊኮን ይደገም» ይለኛል። የቱን ልስማ?
ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም አይስሙ። መጀመሪያ ውኃው በየት እንደሚገባ ይያዙት። ጠብ የሚልበት ቦታ የገባበት ላይሆን ይችላል፤ በላይኛው ጥግ የገባ ውኃ በጎማው ውስጥ ተንሸራቶ ታች ሲደርስ ብቅ ይላል።

ምናልባትም ጥፋቱ የመስታወቱ ላይሆን ይችላል። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ቮልስ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ባለው ቀዳዳ አየር የሚቀበል ሳጥን አለው። አብሮ የሚገባው ዝናብ በቀጭን ቱቦ ወደ መሬት ይወርዳል። መኪናው ዛፍ ሥር የሚያድር ከሆነ ቅጠልና አቧራ ቱቦውን ይደፍነዋል፤ ሳጥኑ ሲሞላ ውኃው ወደ ውስጥ ይገለበጣል። አንድ ብርጭቆ ውኃ በቀዳዳው ያፍስሱ፤ ወዲያው መኪናው ሥር ካልወረደ ቱቦውን ከሳጥኑ አላቅቀው ጎሚስታ ጋ ንፋስ ያስነፉበት። በሽቦ አይጎርጉሩት፤ ያረጀ ቱቦ በቀላሉ ይበሳል።

ቱቦው ደህና ከሆነ ወደ መስታወቱ ይሂዱ። ሞኬቱን አንስተው ውስጡን ያድርቁ፤ ከውስጥ በኩል በጎማው ጠርዝ ዙሪያ ሶፍት በቁራጭ በቁራጭ ይለጥፉ። አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ። ሌላው ከውጭ ውኃውን ቀስ አድርጎ ያፍስስ፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ክዳኑ በሚስማር የተበሳ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። ከታችኛው ጠርዝ ጀምረው በየቦታው ሁለት ሦስት ደቂቃ እየቆዩ ወደ ላይ ይውጡ። ከላይ ከጀመሩ ውኃው ሁሉንም ስለሚያዳርስ ምንም አይለዩም። ሶፍቱ በራሰበት ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ፤ ውኃው የመጣው በመስታወቱና በጎማው መካከል ይሁን ወይስ ከጎማው ጀርባ፣ ከላሜራው በኩል፣ አስተውለው ይመዝግቡ።

የቀድሞው ሲሊኮን ለምን እንደከዳዎት ለመገመት አይከብድም። ከላይ የተለቀለቀ ሲሊኮን ጎማው ሥር አይገባም፤ አቧራና እርጥበት ባለበት ጎማ ላይ ደግሞ ቆዳ ሆኖ ይነሳል። ከሁሉ የሚከፋው ቀድሞ ውስጥ የገባውን ውኃ መውጫ መከልከሉ ነው፤ ላሜራው በዝምታ ይዝጋል። ሲሊኮኑ ሲከፈት እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ዓይነት ከሆነ ራሱም ባዶ ብረትን ያዝጋል። ስለዚህ ሲገዙ ኒውትራል የሚባለውን ይጠይቁ፤ የማይደርቅ የመስታወት ማስቲሽ ካገኙ ደግሞ የበለጠ ይመረጣል፣ ነገ መስታወቱ ቢወልቅ ያለ ትግል ይለቃል።

የሚያፈስበት ቦታ ትንሽ ከሆነና ጎማው ሲጫኑት ገና የሚለጠጥ ከሆነ መስታወቱን ሳያወልቁ ይሠራል። አሮጌውን ሲሊኮን በፕላስቲክ መፋቂያ አንሱ፤ ካቻቪቴ አይጠቀሙ፣ አንድ ጭረት በመስታወቱ ጠርዝ ላይ የስንጥቅ መነሻ ነው። የጎማውን ከንፈር በቀጭን እንጨት ገልጠው ሥሩን በአልኮል በራሰ ጨርቅ ይጥረጉ። ቤንዚን ጎማ ያሳብጣል፣ ይቅርብዎ። ከዚያ ጥላ ሥር ቢያንስ አንድ ቀን ይድረቅ፤ በሐምሌ ብርድ ሁለት ቀን ቢሆን አይበዛም። መርፌው የተነሳ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከኋላ በኩል በማስቲሹ ወይም በሲሊኮኑ ሞልተው፣ ምልክት ካደረጉበት ቦታ በሁለቱም በኩል አሥር አሥር ሳንቲ ሜትር አልፈው 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው መስመር ይሙሉ። ለ40 ሳንቲ ሜትር 3 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል፤ አንድ ሙሉ ቱቦ መጨረስ የሥራ ብዛት እንጂ ጥራት አይደለም። ከንፈሩን መልሰው በፕላስተር ጫን አድርገው ያሳድሩት። ሲሊኮን በ24 ሰዓት የሚደርቀው ከላይ ወደ ውስጥ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ቶሎ ውኃ አያስነኩት።

ጎማው ድንጋይ ሆኖ ከተሰነጣጠቀ ወይም ከሥሩ ዝገት አብጦ ገፍቶት ከሆነ ግን «ይውለቅ» ያለው ባለሙያ ትክክል ነው። የአዲስ አበባ ከፍታና የበጋው ፀሐይ ጎማን አይምሩም፤ ማስቲሽ ደግሞ የሞተ ጎማ አያስነሳም። አዲሱን ጎማ ሶማሌ ተራ ሲፈልጉ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ የሚያብረቀርቅ ጌጥ የሚገባበት ቦይ ያለውና የሌለው ስለሚለያይ። ጌጡ ደግሞ መስታወቱ ከመገጠሙ በፊት ጎማው ላይ መግባት አለበት። ላሜራው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ፀረ ዝገት ተቀብቶ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ጎማው መስታወቱ ላይ ይለብሳል፤ ላሜራው በሚገባበት የጎማው ቦይ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ሲባጎ ዙሪያውን ገብቶ ጫፎቹ ከታች መሐል ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ይደራረባሉ። አንዱ ከውጭ በመዳፉ ሲጫን ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያለ ይስባል። ማንሸራተቻው የሳሙና ውኃ ብቻ ነው፤ ዘይትና ግሪስ ጎማውን ይበሉታል።

የረጠበውን ሞኬትና ሥሩ ያለውን ሁሉ አውጥተው በፀሐይ ያድርቁ። ወለሉ ሥሩን ካልደረቀ ከላይ የጠገኑት ሁሉ ከታች ይበላል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ቪትዝ ነው የምነዳው። የፊት መስታወቱ ተቀይሮ ከላይ በኩል ያፈሳል። የእኔንም በሲሊኮን ልዝጋው?
ከቦሌ

መልስ፦ አይሆንም። የእርስዎ መስታወት በጎማ ሳይሆን በዩሪቴን ማጣበቂያ የተያያዘ ነው። የተሳፋሪው ኤርባግ ሲነፋ የሚደገፈውም በዚሁ መስታወት ላይ ነው፤ ስለዚህ ክፍተቱ የውኃ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሲሊኮን ከገባበት በኋላ ዩሪቴን እላዩ ላይ አይይዝም፤ ተፍቆ እስኪያልቅ ሌላ ሥራ ይሆንብዎታል። ወደ ቀየረልዎ ባለሙያ ይመለሱና ቦታው ተከፍቶ በዩሪቴን እንዲሞላ፣ ማጣበቂያው እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባው ፕራይመርም እንዲቀባ ያድርጉ። መቼ መንዳት እንደሚቻል በማጣበቂያው ቱቦ ላይ ተጽፏል፤ ያንን ሰዓት ሳይጠብቁ በር በኃይል አይዝጉ፣ ቢያንስ አንዱን መስኮት ትንሽ ከፍተው ይተዉት።