«ወረዳው አያድስም፣ እንድናድስም አይፈቅድም»፦ የቀበሌ ቤት ሲዘም ተጠያቂው ማን ነው?

ጥያቄ፦ እናቴ አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ አሮጌ ሰፈር፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው። ኪራይ አቋርጣ አታውቅም። የጭቃው ግድግዳ ወደ መንገዱ ዘሟል። ጣሪያው ያፈሳል። ከጎናችን የነበሩት ቤቶች ከፈረሱ በኋላ ቦታው የቆሻሻ መጣያ ሆኗል፤ የጋራው መጸዳጃ ቤትም ሞልቶ በራችን ላይ ይፈሳል። ወረዳ ስንሄድ «ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ስለሚነሳ ጥገና የለም፣ በጀትም የለም» ይሉናል። በራሳችን ገንዘብ እናድስ ስንልም ተከለከልን። መንግሥት ለዜጋው መኖሪያ የማዘጋጀት ግዴታ የለበትም ወይ? ከስሰን ቤት እንዲሰጠን ማድረግ እንችላለን?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፣ አጭር ስለሆነ። «ቤት ይሰጠን» ብላችሁ ብትከሱ ታሸንፋላችሁ ብዬ አላስብም። ሕገ መንግሥቱ ስለ መኖሪያ ቤት የሚያነሳው አንቀጽ 90 ላይ ነው። እሱም የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ፖሊሲዎች ለዜጎች የጤና፣ የትምህርት፣ የንጹሕ ውሃ፣ የመኖሪያ፣ የምግብና የማኅበራዊ ዋስትና አገልግሎት ለማዳረስ ያለሙ ይሆናሉ ይላል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለውን ልብ ይበሉ። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 11 በቂ መኖሪያ ቤት የማግኘትን መብት ያውቃል፤ ግን ደረጃ በደረጃ የሚፈጸም ግዴታ አድርጎ ነው። በ1997 እና በ2005 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ እስካሁን የሚጠብቅ ሰው ባለበት ከተማ፣ ዳኛ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ ነጥሎ ቤት ይሰጠው ብሎ ያዛል ማለት ይከብዳል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። እኔ ደግሞ ጉዳዩ ገና እዚህ ጋ ይጀምራል ባይ ነኝ። እናትዎ ለመንግሥት ዜጋ ብቻ አይደሉም፤ ተከራይ ናቸው። ከተማው ደግሞ አከራይ ነው፣ የቤቱም ባለቤት ነው። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። «የቀበሌ ቤት» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ቤት የወረሰ አካል ኪራዩን ብቻ አይወርስም፤ የባለቤትነቱን ዕዳም አብሮ ይወርሳል።

እንግዲህ ስለ መኖሪያ መብት የሚደረገውን ትልቁን ክርክር ለጊዜው ወደ ጎን ይተዉትና አከራዩን እንደ አከራይ ይያዙት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የቤት ኪራይ ክፍል አከራይ ቤቱን ለታሰበለት አገልግሎት በሚመች ሁኔታ ጠብቆ ማቆየት እንዳለበት ያስቀምጣል። ጥቃቅን ጥገና የተከራዩ ነው፤ የመስኮት መስታወት ቢሰበር፣ ቧንቧ ቢያንጠባጥብ ወረዳ መሄድ አያስፈልግም። በዕድሜ ብዛት የዘመመ ግድግዳና የበሰበሰ ጣሪያ ግን ጥቃቅን አይደለም። «ኪራዩ እኮ ትንሽ ነው» የሚል መልስም ይሰማል። ትንሽም ቢሆን ኪራይ ኪራይ ነው፤ የተቀበለው ወገን በውሉ ይታሰራል። እናትዎ ግን በንዴት መክፈል እንዳያቆሙ። ክፍያ ያቋረጠ ተከራይ አከራዩን በውል ሲከስ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚቆመው።

«ሰፈሩ ስለሚነሳ ጥገና የለም» የሚለውስ? ዕቅድ መኖሩ ብቻውን ውልን አያቋርጥም። ቤቱ እስኪፈርስና እናትዎ በሕግ አግባብ እስኪነሱ ድረስ ሰው ይኖርበታል። በመልሶ ማልማት ስም ዛሬ ነገ ሲባል ዓመታት ያለፉባቸውን ሰፈሮች ሁላችንም እናውቃለን። አላድስም፣ አታድሱም፣ መቼ እንደምትነሱም አልነግራችሁም ማለት አስተዳደር አይደለም። ስለዚህ በጽሑፍ መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው፤ ሰፈሩ በየትኛው ውሳኔ ነው የሚነሳው? ቀኑስ ተቆርጧል? በቃል የሚነገር ዕቅድ ፍርድ ቤት ሲደርስ ብዙ ጊዜ ወረቀት የለውም።

ሁለተኛው መሣሪያ ከውሉ ይበልጥ ይከብዳል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ጉዳቱ ሊደርስ ይችላል ተብሎ ባይገመት እንኳ። ጥፋት ማስረዳት አያስፈልግም ማለት ነው። በዚያው ክፍል ውስጥ፣ የሰው ሕንፃ ጉዳት ያደርስብኛል ብሎ የሰጋ ሰው ባለቤቱ አደጋውን የሚያስቀር እርምጃ እንዲወስድ መጠየቅ እንደሚችልም ተጽፏል። ሰው እስኪጎዳ መጠበቅ የለበትም። ግድግዳው ወደ መንገድ ስለዘመመ አላፊ አግዳሚውም፣ ጎረቤትም ይሄን ማንሳት ይችላል። እንዳይሆንና ጉዳት ከደረሰ ደግሞ ከውል ውጭ የሆነ የካሳ ክስ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ቁጥር 2143 ነው። «ሽማግሌ ይዩት» ሲባል ጊዜው የሚያልፍበት ሰው ጥቂት አይደለም።

አሁን ወደ ወጥመዱ። «ቤቱ አደገኛ ነው» ብላችሁ በደንብ ካስረዳችሁ ወረዳው በቀላሉ «እንግዲያውስ ውጡ» ሊላችሁ ይችላል። አደገኛ ሕንፃን ማሸግም ማፍረስም በሕንፃ ሕጉ ለከተማ አስተዳደር የተሰጠ ሥልጣን ነው። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ «አደገኛ ነው» የሚለው ብቻውን አይጻፍ። ሦስት አማራጭ አብሮ ይግባ፤ ወይ አከራዩ ይጠግን፣ ወይ ተከራዩ በባለሙያ ቁጥጥር እንዲጠግን በጽሑፍ ይፈቀድ፣ ወይ ቤቱ ሊፈርስ ከሆነ በቅድሚያ ምትክ የኪራይ ቤት ይሰጥ። የመጨረሻው ልመና አይደለም። በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ሰው ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ ማካካሻ፣ በመንግሥት በቂ እርዳታ ሌላ ቦታ መዛወርን ጨምሮ፣ የማግኘት መብት እንዳለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 ይናገራል። የቀበሌ ቤት ተከራይ የቤቱ ባለቤት ስላልሆነ ለቤቱ ግምት ካሳ አያገኝም፤ የሚከራከረው በምትክ ቤት ነው። በተግባርም ሌላ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም መግዛት በአማራጭነት ሲሰጥ አይተናል።

ፈቃድ ሳይኖራችሁ ግን ግድግዳ አትንኩ። ደንብ አስከባሪ መጥቶ «ሕገወጥ ግንባታ» ካለ የተጠያቂነቱ አቅጣጫ ይገለበጣል፤ ከሳሽ የነበራችሁት ተከሳሽ ትሆናላችሁ። ላስቲክና ድጋፍ እንጨት ሌላ ነገር ነው፤ ዝናብ አይጠብቅም፣ እሱን አድርጉ፣ ከማድረጋችሁ በፊት ግን ፎቶ አንሱ።

ስለ ቆሻሻውና ስለ መጸዳጃ ቤቱ። ሰው ብዙ የማይጠቀምበት፣ እኔ ግን በጣም የምወደው ሕግ እዚህ ጋ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 1 ለሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ይሰጣል። «አቅም በፈቀደ» የሚል ቃል የለበትም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ሕጉ ደግሞ ሥራውን የከተማ አስተዳደር ላይ ይጥላል። ከሁሉም የሚበልጠው አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። በዚህ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ መሠረት ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ዝም መባል ራሱ የፍርድ ቤት በር ይከፍታል ማለት ነው። ቀኖቹን መቁጠር የእናንተ ሥራ ነው።

ወረቀቱ እንዴት ይሄዳል? አንድ ገጽ የማይሞላ ማመልከቻ ለወረዳው የቤቶች አስተዳደር ጻፉ። ግልባጩ ለክፍለ ከተማው የቤቶች አስተዳደርና ለግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ይሁን። ለእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንም ብትጽፉ አይከፋም፤ ባለሙያ መጥቶ አይቶ የሚጽፈው አንድ ገጽ ከአሥር ምስክር ይበልጣል። ለአካባቢ ጥበቃ የሚሄደው ግን ለብቻው ይሁን፣ ጉዳዮቹን አታቀላቅሉ። ሁሉም መዝገብ ቤት ገቢ ይሁን፣ ቀንና ቁጥሩን በራሳችሁ ኮፒ ላይ አስመቱ። «ነገ ተመለሱ» የሚለውን ማንም አይመዘግበውም። ጎረቤቶች ተመሳሳይ ችግር ካለባቸው አብራችሁ ፈርሙ፤ ክስ ላይ ከተደረሰም ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ሰዎች በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 38 መሠረት በወኪል መክሰስ ይችላሉ።

መልስ ከጠፋ፣ የአስተዳደር በደሉን ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይቻላል። ተቋሙ የመፍትሔ ሐሳብ ነው የሚሰጠው፤ ፍርድ አይፈርድም። ግን ደብዳቤው ሲደርስ ፋይል ከመደርደሪያ ይወርዳል። በከተማው ባለቤትነት ሥር ባሉ ቤቶች ላይ የሚነሳ ክርክር ለአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤቶች ነው የሚቀርበው።

ለዳኝነት የሚከፈል ከሌላችሁ በደሃ ደንብ ለመክሰስ መጠየቅ ይቻላል። የድህነት ማስረጃው የሚመጣው ከወረዳ መሆኑ የሚያስቅም የሚያናድድም ነው፤ ቀድማችሁ አውጡት፣ ክሱን ሳይሰሙ። የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ እናትዎ ሴት ስለሆኑ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርንም ያነጋግሩ። ሲሄዱ የኪራይ ውሉን ይያዙ። ውሉ ከጠፋ ወይም በፊተኛው ተከራይ ስም ከሆነ፣ በእናትዎ ስም የተቆረጡትን የኪራይ ደረሰኞች ከቀድሞው ጀምሮ ሰብስቡ፤ ተከራይነታቸው መጀመሪያ የሚረጋገጠው በነሱ ነው።